ሽያጭ የሚያልቀው መቼ ነው?

በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር አንዲት ወጣት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወዳለው የሕንፃ መሣሪያ መደብራችን መጣች። ጥቁር ለብሳለች። አባቷ ለብዙ ዓመታት ደንበኛችን የነበረ ሥራ ተቋራጭ ነው፤ ማረፉን የሰማሁት ገና ከእርሷ አፍ ነበር። ነፍስ ይማር ብዬ ወንበር ሰጠኋት፤ ሻይ አስመጣሁላት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «ጋሼ፣ አባቴ በመጨረሻዎቹ ቀናት አንድ ነገር ይደጋግም ነበር። ‹ለፌሮ የከፈልሁት ቀብድ እነርሱ ጋ ቀርቷል፤ ጠይቂ› ይለኝ ነበር። ደረሰኙን ፈልጌ አጣሁ። ስንት እንደሆነም አላውቅም። አለ ካላችሁኝ እወስዳለሁ፤ የለም ካላችሁኝም የለም ብዬ እሄዳለሁ» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከፍርድ ቤት መጥሪያ ይከብዳል። መጥሪያ ቢሆን ኖሮ ጠበቃ ይዤ፣ «ማስረጃ ታቅርብ» ብዬ እገላገል ነበር። እርሷ ግን ማስረጃውን እኔው ዘንድ ትታ መጣች፤ ዳኛውም፣ ተከሳሹም፣ እማኙም እኔው እንድሆን ፈቀደች። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። «ልጄ፣ መዝገቡን አይቼ እነግርሻለሁ፤ በሳምንቱ ተመለሺ» ብዬ ሸኘኋት። ይህን ስል መዝገቡ የሚታይ መስሎኝ ነበር።

አባቴ ይህን መደብር በ1962 ዓ.ም. ሲከፍት የዱቤና የቀብድ ሒሳብ የሚይዘው ጀርባው ጠንካራ በሆነ ትልቅ መዝገብ ላይ ነበር። እነዚያ መዝገቦች ዛሬም ቢሮዬ መደርደሪያ ላይ አሉ። አቧራቸውን እፍ ብሎ መግለጥ ነው፤ ቀለሙ ወይቧል እንጂ ማን ለስንት ቆርቆሮ ምን ያህል እንደከፈለ ይነበባል። እኛ ልጆቹ ግን ዘመናዊ ሆንን። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሒሳባችን በኮምፒዩተር ነው። የልጅቱ አባት ከእኛ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ያ ዓመት ያለው አውራ ጣት በምታክል ፍላሽ ውስጥ ነው። የደረሰኝ ቅጂ የነበረባቸው ካርቶኖች መጋዘን ውስጥ ውኃ ገብቶባቸው ከተጣሉ ቆይተዋል።

ፍላሹ ጤነኛ ነው። በውስጡ ያለውን የሚከፍተው የሒሳብ ፕሮግራም የተጫነበት አሮጌ ኮምፒዩተር ግን በ2015 ዓ.ም. መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጥሏል። ከዚያ ወዲህ የዕለት ሒሳባችንን የምንይዘው በኤክሴል ነው። የፕሮግራሙ ሲዲ በእጄ አለ፤ ከነፈቃድ ቁጥሩ፣ ከነደረሰኙ። በ2001 ዓ.ም. ስንገዛው «አንዴ ከከፈላችሁ የዘለዓለም ነው» ተብለን ነበር፤ ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ ለማሻሻያ ከፍለናል። በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ጫንሁት፤ ቁጥሩን አስገባሁ። ፕሮግራሙ በኢንተርኔት አድርጎ ባሕር ማዶ ካለው የሻጩ ማሽን ፈቃድ ይጠይቅ ጀመር። ጠየቀ፣ ጠየቀ፤ የሚመልስለት አላገኘም። ለካ ያ ፈቃድ ሰጪ ማሽን ከሥራ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል።

ወደ ወኪሉ ቢሮ ሄድሁ። ትሑት የሆነ ወጣት ተቀበለኝ።

«ጋሼ፣ ያ እትም አሁን ድጋፍ የለውም።»

«ድጋፍ አልፈለግሁም፤ መዝገቤን ማየት ብቻ ነው የፈለግሁት።»

«ለማየትም አዲሱን መያዝ ይኖርብዎታል። አዲሱ ደግሞ አይሸጥም፤ በየዓመቱ የሚከፈልበት ነው። የእርስዎ ፋይል ስላረጀ በቀጥታ አይከፈትም፤ መጀመሪያ ወደ መካከለኛው እትም፣ ከዚያ ወደ አዲሱ ይገለበጣል። እሱም የራሱ ክፍያ አለው።»

«የዘለዓለም ነው ተብዬ አልነበረም እንዴ?»

«ልክ ነዎት። ፕሮግራሙ አሁንም የእርስዎ ነው፤ የተለወጠው ኮምፒዩተሩ ነው። ያኔ የተሸጠልዎት የያኔው ነው፣ ጋሼ።»

ሒሳቡን ደማምሮ 64,000 ብር አለኝ። ዋጋው በዶላር የተተመነ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ቀድሜ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ የምከፍለው ግማሹን ያህል ነበር። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። እኔ የጻፍሁትን፣ ስለ እኔ ደንበኞች የተጻፈውን፣ በእኔ ፍላሽ ውስጥ የተቀመጠውን ለማንበብ የሌላ ሰው ፈቃድ ያስፈልገኛል።

በወጣቱ አልተቆጣሁም፤ እርሱም ተቀጣሪ ነው። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለመሆኑ ሽያጭ የሚያልቀው መቼ ነው?

እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ለዚህ ጥያቄ ዝግጁ መልስ ነበረኝ። ፌሮ እሸጣለሁ። ገንዘቤን እቀበላለሁ፤ ብረቱ ተጭኖ ይሄዳል፤ አለቀ። አርስቶትልም በ«ኒቆማኮስ ሥነ ምግባር» አምስተኛ መጽሐፉ ስለ ፍትሕ ሲያወራ የቤት ሠሪንና የጫማ ሠሪን ልውውጥ ምሳሌ ያደርጋል። የሚያስጨንቀው፣ ቤትን ከጫማ ጋር ምን ያመዛዝነዋል የሚለው ነው። ከተመዛዘነ በኋላ ሁለቱ ሰዎች በሰላም ይለያያሉ። ጫማ ሠሪው ከዓመታት በኋላ መጥቶ፣ «ይህ ጫማ ከዛሬ ጀምሮ በአዲሱ አስፋልት ላይ አይራመድም» ሊል አይችልም።

ፕሮግራም ግን እንደ ጫማ አይደለም። ለሻጩም ፍትሕ ለመስጠት ይህን አስቀድሜ ልናገር። የሒሳብ ፕሮግራም ሕግ በተለወጠ ቁጥር መለወጥ አለበት። በአገራችን በ1995 ዓ.ም. የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጀመር፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የገቢ ግብር ሕጉ ሲለወጥ፣ የአሮጌው ቀመር ውጤት ስሕተት ነበር። ሌባ በየቀኑ አዲስ መስኮት ያገኛል፤ መስኮቱን የሚደፍን ባለሙያ ደግሞ ደሞዝ ይፈልጋል። የዛሬ ሃያ ዓመት የተከፈለች ገንዘብ የዛሬን ባለሙያ አታበላም። ስለዚህ «አንዴ የከፈልሁት ለዘለዓለም ይጠገንልኝ» የሚል ደንበኛ፣ እኔንም ጨምሮ፣ የሌላውን ድካም በነጻ የሚፈልግ ነው።

ደግሞም የእኛ እጅ ንጹሕ አይደለም። ከ1997 እስከ 2001 ዓ.ም. የተጠቀምንበት ፕሮግራም ከመርካቶ በ50 ብር የገዛነው የተገለበጠ ሲዲ ነበር። ቢል ጌትስ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1976 ለኮምፒዩተር ወዳጆች በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ፣ አብዛኞቻችሁ ፕሮግራማችንን ትሰርቃላችሁ ብሎ ሲወቅስ እኛን ያየን ይመስላል። በአገራችንም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ሁሉ የሚጠበቅ ሥራ አድርጎታል። ያኔ አዋጁ ቢነበብልኝም፣ «ባሕር ማዶ ያለ ሀብታም በእኔ 50 ብር አይደኸይም» ብዬ አልፈው ነበር። ዛሬ እርሱ «የአንድ ብረት ነጋዴ መዝገብ ቢዘጋ ዓለም አይጎድልም» ቢል ምን ብዬ ልመልስለት ነው?

ነገር ግን አንዱ ጥፋት ሌላውን አያጸድቅም፤ ስለዚህ ወደ ጥያቄው ልመለስ። በመጀመሪያ ዘመን ፕሮግራም ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ የሚመጣ ነገር ነበር። አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በጁን 1969 ፕሮግራምንና አገልግሎትን ከማሽኑ ለይቶ እንደሚሸጥ ካስታወቀ በኋላ ነው ፕሮግራም ራሱን የቻለ ሸቀጥ እየሆነ የመጣው። ቀጥሎም በየጥቂት ዓመቱ አዲስ እትም እየወጣ፣ የፈለገ የሚገዛው፣ ያልፈለገ በአሮጌው የሚቆይበት ዘመን መጣ። ከዚያም ኪራይ ተተካ። አዶቢ እ.ኤ.አ. በሜይ 2013 የታወቁትን የሥዕልና የኅትመት ፕሮግራሞቹን አዳዲስ እትሞች ከእንግዲህ በየጊዜው በሚታደስ ክፍያ ብቻ እንደሚያቀርብ ሲያስታውቅ ብዙ ደንበኞች ጮኸዋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ነጻ የደኅንነት ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ፤ ጥገናው እንዲቀጥልለት የሚሻ ድርጅት በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ለመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር እንዲከፍል፣ ክፍያውም በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ ቢበዛ 3 ዓመት እንዲዘልቅ ተወሰነ። ወደ ዊንዶውስ 11 ልሻገር የሚለው ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ያለው ኮምፒዩተር እንዲኖረው ይጠየቃል። ደህና ይሠራ የነበረ ማሽን በአንድ ቀን ሽማግሌ ይሆናል።

በሁሉም ዘንድ አንድ ነገር ይታየኛል። ጊዜ ዋጋ አለው፤ ዕቃ ያረጃል፣ ሕግ ይለወጣል፣ ገንዘብ ይረክሳል። የጊዜን ዋጋ ማን ይክፈል? ሻጩ ብቻውን ይክፈል ማለት ግፍ ነው። ገዢው ብቻውን ይክፈል ማለትም ግፍ ነው። ሆኖም ደካማው ወገን ምንጊዜም ገዢው ስለሆነ ዕዳው ሁሉ ወደ እርሱ ይንከባለላል። በሬ ካራጁ ይውላል እንዲሉ፣ ደንበኛ ከሻጩ ጋር ውሎ የሚያድረው ወዶ ሳይሆን የሚሄድበት አጥቶ ነው።

እዚህ ላይ ወፍጮ ቤቱን አስባለሁ። እናቴ እህል ተሸክማ ወፍጮ ቤት ትሄድ ነበር። ባለ ወፍጮው ያስፈጨበትን ይቀበላል፤ ዱቄቱን ይዛ ትመለሳለች። አዲስ ሞተር ካስገባ ዋጋ ይጨምራል፤ እናቴም ታጉረመርማለች እንጂ ትከፍላለች፤ ካልተስማማት ወዲያ ማዶ ወዳለው ትሄዳለች። ባለ ወፍጮው ግን አንድ ቀን እንኳ፣ «ባለፈው ዓመት በአሮጌው ሞተር የፈጨሁልሽን ዱቄት ለማቡካት የአዲሱን ሞተር ዋጋ ክፈዪ» ብሏት አያውቅም። ቢላት ኖሮ መንደርተኛው ወጥቶ ይፈርድ ነበር።

ልዩነቱ ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። ሻጭ ለአዲስ ድካሙ አዲስ ዋጋ ቢጠይቅ መብቱ ነው። እኔ በእርሱ መሣሪያ የሠራሁት ግን የእኔ ድካም ነው፤ እርሱ ዘንድ የቀረውም በሽያጭ ሳይሆን በአደራ ነው። መዝገቤን እርሱ ብቻ በሚያውቀው ቋንቋ እንድጽፍ ያደረገኝ ሰው ያንን ቋንቋ እንዳልረሳብኝ የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ፕሮግራሙን ማሻሻል ባይፈልግ አያሻሽል፤ ድጋፍ ማቆም ቢፈልግም ያቁም። ከማቆሙ በፊት ግን ንብረቴን አውጥቼ የምሄድበትን በር ክፍት ይተውልኝ። ያለዚያ ክፍያው የማሻሻያ ዋጋ መሆኑ ቀርቶ የመያዣ ማስለቀቂያ ይሆናል።

ይህ የእኔ ብሶት ብቻ እንዳይመስል፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ ተፈጻሚ ባደረገው የመረጃ ሕግ፣ መረጃውን በኢንተርኔት በኩል በሌላ ኩባንያ ማሽን ላይ ያስቀመጠ ደንበኛ ወደ ሌላ አቅራቢ መሄድ ሲፈልግ መረጃውን ይዞ እንዲሄድ ደንግጓል፤ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 12 ቀን 2027 ጀምሮ ደግሞ ለዚህ መሻገሪያ ክፍያ መጠየቅን ይከለክላል። የእኔን አሮጌ ፍላሽ የሚያድን ሕግ አይደለም። ሐሳቡ ግን ያው የባለ ወፍጮው ሐሳብ ነው።

እኛ አማርኛ ጸሐፊዎችና አንባቢዎችም ይህን መከራ ከማንም በፊት ቀምሰነዋል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቶ አንድ ዓለም አቀፍ ቁጥር እስኪሰጠው ድረስ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት የትርጉም አልባ ምልክቶች መንጋ ይሆናል። በዚያ ዘመን የጻፈውን ረጅም ልብ ወለድ በዲስኬት ላይ ያስቀመጠ አንድ ወዳጅ አለኝ። ዲስኬቱን አሁንም ይዞታል፤ ልብ ወለዱን ግን ከራሱ ትዝታ እንደገና መጻፍ ጀምሯል። ሰው የገዛ ሐሳቡን ከራሱ እየተበደረ ማለት ነው።

ወደ ልጅቱ ልመለስ። የሒሳብ ሠራተኛችን የእህቴ ልጅ ነው። «መኖሩ ላልተረጋገጠ ዕዳ 64,000 ብር እንከፍላለን?» አለኝ። መርካቶ ውስጥ ቁልፉን በ500 ብር የሚሰብር ልጅ እንደሚያውቅም ነገረኝ። ከፍዬ የገዛሁትን በር ሰብሬ ብገባ ሌብነት ነው ብዬ አላምንም፤ ዛሬም አላምንም። ሆኖም የማላውቀው ልጅ ያንን ፍላሽ ሲነካካ ያለው እንዳይጠፋ ፈራሁ። አንድ ሌላ ነገርም ነበር። ልጅቱ፣ «የለም ካላችሁኝ የለም ብዬ እሄዳለሁ» ብላለች። «የለም» ብላት ትሄድ ነበር። መዝገቤን የቆለፈብኝ ሰው ገንዘቤን ብቻ ሳይሆን እውነተኛ መሆን የምችልበትንም መንገድ ቆልፎብኝ ነበር።

ከፈልሁ። በሁለተኛው ቀን ወጣቱ ራሱ መደብራችን መጥቶ ፋይሉን ከፈተው። የካቲት 6 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ለ12 ሚሊ ፌሮ ቀብድ፣ 38,500 ብር። ዕቃ የወጣበት የለም። ሟቹ እውነቱን ነበር።

የእህቴ ልጅ ገንዘቡን ቆጥሮ በፖስታ ከተተና፣ «በቃ፣ የተመዘገበው ይኸው ነው» አለ። እኔም ፖስታውን ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ላስቀምጥ ስል እጄ ቆመ። በ2011 ዓ.ም. በዚያ ገንዘብ ይገዛ የነበረውን ፌሮ ያህል ዛሬ ልግዛ ቢሉ ሲሦው እንኳ አይገኝም። ሰውየው የከፈለው ለብረት ነው። ብረቱ መጋዘኔ ውስጥ ነበር፤ ዋጋው ሲወጣ አትርፌ ሸጬዋለሁ። አሁን ለልጁ የምነግራት ምንድን ነው? «ያኔ የተከፈለኝ የያኔው ነው» ልላት ነው። የወኪሉ ወጣት ቃል ከእኔ አፍ ሊወጣ ነበር። የጊዜን ዋጋ ለብቻዬ አልሸከምም ብዬ ሳምንት ሙሉ ስጮህ ከርሜ፣ እኔ ደግሞ ሙሉውን በአንዲት አባት በሌላት ልጅ ጫንቃ ላይ ልጭን።

ስትመጣ ሁሉንም ነገርኋት፤ የብረቱን ነገርም ጭምር። ደነገጠች። «ጋሼ፣ አባቴ ገንዘብ አለ እንጂ ብረት አለ አላለኝም። ደግሞ ስድስት ዓመት ሳይጠይቅ የቆየው እሱ ነው፤ ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም» አለች። እኔ ያልጠበቅሁት ፍርድ ነበር። በስተመጨረሻ የብረቱን የዛሬ ዋጋ አሰላን፤ ከ38,500 ብር በላይ ያለውን ልዩነት ለሁለት ከፈልነው፤ ግማሹ ለእርሷ፣ ግማሹ ለእኔ። አንባቢ ይህ ሙሉ ፍትሕ ነው ወይ ቢለኝ፣ የእህቴ ልጅ በዛ ይላል፤ ባለቤቴ አነሰ ትላለች። ሁለታችን ግን ተመራርቀን ተለያይተናል።

ወጣቱ ከመሄዱ በፊት ፋይሉ ውስጥ ያለውን ዓመት ሁሉ በወረቀት እንዲያትምልኝ ለምኜው ነበር። ግማሽ ቀን ፈጀበት፤ የትርፍ ሰዓት ግን አልጠየቀኝም። አስጠርዤው ከአባቴ መዝገቦች አጠገብ አቁሜዋለሁ። የፕሮግራሙ የዓመት ክፍያ በጥር 2018 ዓ.ም. አበቃ፤ አላደስሁትም። ልጅቱ ገንዘቧን የተቀበለች ዕለት መዝገቡን ገልጬ ሰጥቻት፣ የካቲት 6 ከሚለው ረድፍ አጠገብ በእስክሪብቶ ፈርማለች።